ያልተጠየቀው ጓዳ

«ታውቃለች ብለውኝ አልነበረም?» አለ በኃይሉ፣ ቤቱን የሚሸጠው ሰው፣ ከድንጋይ ካቡ ውጭ ቆሞ።

«ቤቱን ገብታ አይታዋለች፤ ዓይን አላት፤» ሲሉ መለሱለት ደላላው አቶ ምንይሉ።

ሰርካለም ይህን የሰማችው የሱፍ ጭነቷን በአዲሱ ቤቷ መደብ ላይ ለማውረድ ጎንበስ እንዳለች ነው። የሚነጋገሩት ስለ እርሷ መሆኑ ወዲያው ገባት፤ ታውቃለች የተባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ግን አልገባትም። ስለ ካርታው ይሆን? ስለ አጥሩ? ጭነቱን እንደ ያዘች ቀረች። በዚያው ቅጽበት ከጓዳው በኩል ሳል ተሰማ፤ ሳሉን ተከትሎም የአሮጊት ድምፅ መጣ። «ገባሽ ወይ ልጄ? አረፍ በይ። ለሱፍሽ የሚሆን ጥግ ጠርጌልሻለሁ።»

ድምፁን ታውቀዋለች። የበኃይሉ አክስት የእማማ ተሾመች ድምፅ ነው። ቤቱን ልታይ በመጣች ጊዜ ሁሉ አሮጊቷ በደጃፉ ፀሐይ ሲሞቁ አግኝታቸዋለች፤ ጉልበታቸውን ስማ፣ ጤናቸውን ጠይቃ፣ ምርቃታቸውን ተቀብላ ሄዳለች። በኃይሉም «አክስቴ ናቸው» ከማለት በቀር የጨመረው ነገር አልነበረም። እርሱ ቤቱን ሸጦ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚገባ ስለ ተናገረ፣ አክስቱ አብረውት የሚሄዱ መሰላት። መሰላት ማለት እንኳ አይበቃም፤ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል በሐሳቧ አልዞረም። «አክስትህን ይዘህ ትሄዳለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጥለህ ትሄዳለህ ብሎ መጠርጠር ነውና፣ በመንዝ ምድር ጨዋ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቅም። አሁን ግን በኃይሉ የቤት ዕቃውን ጭኖ ጨርሷል፤ አሮጊቷ ደግሞ በጓዳው ውስጥ አሉ፤ ሲናገሩም እንደ እንግዳ ሳይሆን እንግዳ እንደሚቀበል ባለቤት ነው።

የጓዳውን መጋረጃ ገልጣ ገባች። የፊተኛው ክፍል ቆርቆሮ ለብሷል፤ ጓዳው ግን ገና በጓሳ ሣር እንደ ተከደነ ነው፤ ሣሩም ከብዙ ዘመን ጢስ የተነሣ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ያብለጨልጫል። ጠባብ መደብ፣ በላዩ የተነጠፈ አጎዛ፣ በግድግዳው ስንጥቅ የተሰካ የጸሎት መጽሐፍ፣ አንድ እንስራ፣ አንድ የገብስ ጎተራ፤ የክፍሉ ሀብት ይኸው ነበር። እማማ ተሾመች በመደቡ ጫፍ ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ እንግዳ ለመቀበል እንደ ተዘጋጀ ሰው ጠበቋት።

«ምንይሉ ነግሮኛል፤» አሉ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው። «‹ሰርካለም እሺ ብላለች፤ እንዲያውም ደስ ብሏታል› ብሎኛል። እኔማ ከሰው እጅ ሳልወድቅ ውሰደኝ እያልኩ ፈጣሪዬን ስለምን ነበር። እናትሽን ገነት ያግባልሽ።»

ሰርካለም አንገቷን ደፋች። አሮጊቷ ጎንበስ ያለውን ራሷን ዳብሰው መረቋት፤ እርሷም በልማድ «አሜን» አለች። ለምን አሜን እንዳለች ግን፣ ከጓዳው ወጥታ በደጃፉ ስትቆምም አላወቀችውም።

የዘመሮን ከተማ በዚያ ጠዋት ውርጭ መትቷት ነበር። ከጓሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ የገብሱን አዝመራ ገለባ በመንገዱ ላይ ያንከባልላል። በኃይሉ በማዘጋጃ ቤት ተራ ለመያዝ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ውሉ እንዲፈረም ቀጠሮ ተይዟልና። አቶ ምንይሉ በካቡ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ጠቅልለው፣ በስልካቸው ሌላ ገዢ ያነጋግራሉ። ሰርካለም ንግግራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቀች። እኒህ ሰው ለእርሷ እንዲሁ ደላላ አይደሉም፤ የልጇን የአንዷለምን ክርስትና ያነሡ፣ ባሏ በሞተ ጊዜ በሐዘን ቤቷ ሰባቱን ቀን የተቀመጡ አበልጇ ናቸው። ቤት መግዛት ባሰበች ጊዜ ሌላ ሰው ያላማከረችው፣ ጎረቤት ያልጠየቀችው፣ ሽማግሌ ይዛ ያልሄደችው በዚህ ምክንያት ነው። አበልጅ በያዘው ጉዳይ ላይ ሌላ ሰው መጠየቅ አበልጁን ሌባ ብሎ እንደ መጥራት ይቆጠራል።

«አበልጄ፣ እማማ ተሾመች እንደማይሄዱ ያውቁ ነበር?»

«የት ይሄዳሉ?» አሉ አቶ ምንይሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። «በዚህ ዕድሜያቸው ደብረ ብርሃን ሄደው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይቁጠሩ?»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?» ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አደረጉ። «ስሚ ሰርካለም፤ ደላላ ድልድይ ነው። ይህን ወዲያ፣ ያንን ወዲህ ያሻግራል። ድልድይ ደግሞ ወንዙ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ለተሻጋሪው ሲያወራ አይኖርም።»

«ድልድይ ከወዲያም ከወዲህም ኮሚሽን አይቀበልም፤ አበልጄ።»

አቶ ምንይሉ ሊስቁ ከጅለው ተዉት። ከዚያ ወዲያ የተናገሩት ሁሉ እርሷን ይበልጥ ግራ ያጋባት እንጂ ያጠራላት ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም ሰውየው የሚያፍሩበት ነገር እንዳለ አልቈጠሩትም። ከእርሷ በፊት ሌሎች ገዢዎች እንዳመጡ፣ ስለ አሮጊቷ በነገሯቸው ጊዜ ሁሉም እየተሳቀቁ እንደ ሄዱ አስረዷት። ከእነዚያ ውስጥ አንዱ ቤቱን ለመጋዘን የፈለገ ነጋዴ እንደ ነበር፣ «አሮጊቷን አስወጣና ልግዛ» እንዳለ፣ እርሳቸውም በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እንዳጡ ነገሯት። ከዚያ እርሷን አሰቡ። አማቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው በጀርባዋ አዝላ ያስታመመች ሴት፣ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ሴት። አስቀድመው ቢነግሯት ትፈራለች፤ ከገባች በኋላ ግን አሮጊት ከምድጃ ነቅሎ መጣል አንጀቷ አይችልም። ዋጋው በሠፈሩ ካለ ቤት ሁሉ ያነሰበት ምክንያትም ይኸው ነው። «ለአንቺ ርካሽ ቤት፣ ለእሳቸው ደግ ሰው፤» አሉ። «ምን በደልኩ?»

ሰርካለም በደል እንዳለ ታውቃለች፤ የት እንዳለ ግን ጣቷን ልታሳርፍበት አልቻለችም። ሰውየው ውሸት አልተናገሯትም። ቤቱንም አልደበቁባት፤ አሮጊቷንም አልደበቁባት። ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ደግነቷን ራሷን ሳያማክሩ ሸጠውባታል። ለበኃይሉ ሸጡለት፤ ለእማማ ተሾመችም ሸጡላቸው፤ ባለ ንብረቷ ብቻ ሽያጩን አልሰማችም። ይህን በዚያን ሰዓት እንዲህ አጥርታ አላሰበችውም፤ የተሰማት ግን ይኸው ነበር። ያለችውም ይህን ብቻ ነው፤ «ይህን ሁሉ ሲያስቡ፣ እኔን መጠየቁ ብቻ ቀረብዎት።»

ወደ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን የሄደችው ምክር ፈልጋ ይሁን ከሳሽ ሆና፣ እርሷም አታውቅም። መሪጌታ ኃይለ ኢየሱስን በቅጽሩ ጥግ፣ ነፋሱ በማይደርስበት በኩል ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጉዳዩን ስትጀምርላቸው ጨርሰው ተረዱት፤ እንዲያውም ከእርሷ ይልቅ እርሳቸው ያውቁት ነበር። እማማ ተሾመች ልጅ የላቸውም። ቤታቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለበኃይሉ በሰጡ ጊዜ፣ እርሱ በዚህ ደጀ ሰላም፣ መሪጌታም ባሉበት፣ «ከምድጃዎ ላልነቅልዎ፣ ጦሬ ቀብሬ ተዝካርዎን ላወጣ» ብሎ ምሏል። መሐላው የተገባው በቤቱ ላይ ስለ ሆነ፣ ቤቱ ወደ ማንም ቢዞር መሐላው ከቤቱ ጋር እንደሚዞር የአገሩ ሰው ሁሉ ያምናል።

«ቤት የያዘ ቃሉን ይይዛል፤ የምናውቀው እንዲህ ነው፤» አሉ መሪጌታ።

«እኔ ግን አላወቅሁም፤ መሪጌታ።»

«ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን አንቺ ብቻ አታውቂም ብሎ ማን ይጠረጥራል?»

«እርስዎስ ሊነግሩኝ አይገባም ነበር?»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንድ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «አገናኟ አበልጇ ነው ሲሉኝ፣ በአበልጅ መካከል ገብቼ ‹ነግሮሻል ወይ?› ብል ሰውየውን ስሙን አጠፋሁት ማለት ነው። ተውኩት። ልክ አልሠራሁም ይሆናል።» «ይሆናል» የምትለዋን ቃል ደገሟት፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ከቅጽሩ ስትወጣ የሚያገኟት ሁሉ «እንኳን ለአዲስ ቤት አበቃሽ» ይሏታል። እንጀራ ሻጯም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ቀድሞ ተከራይታበት የነበረው ግቢ ባለቤትም። እነዚህ ሰዎች ሁሉ ስለ ጓዳው ያውቁ ነበር፤ እያንዳንዱም ሌላው እንደ ነገራት ቆጥሮ ዝም ብሏል። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ማንም የመናገር ግዴታ የሌለበት ነገር ይሆናል፤ ክፋት የሌለባቸው ሰዎች ተሰብስበው ሰው የሚበድሉትም በዚህ መንገድ ነው። የቀድሞውን ክፍሏን አልፋ ስትሄድ የሌላ ሰው ልብስ በገመዷ ላይ ተሰጥቶ አየች። ጠዋት ለቃው ጠዋት ተይዟል። በዚህ ከተማ፣ በዚህ ዕለት፣ ዕቃዋ ያለበት ጣሪያ ያ ቤት ብቻ ነበር፤ ለቀብዱም በጎቿን ሁሉ ሸጣለች። ሱፍ ፈትላ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ እያስሸመነች፣ በገበያ ቀን በጀርባዋ ተሸክማ እየሸጠች ዕድሜ ልኳን የተመኘችው፣ «ልቀቂ» የማትባልበትን አንድ በር ነበር። አሁን ያንን በር አግኝታለች፤ «ልቀቂ» ማለት የምትችለው ግን እርሷ ሆናለች። ይህ ምኞቷ ይሁን የምኞቷ ቅጣት አልለይ አላት።

በማዘጋጃ ቤቱ ኮሪደር በኃይሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ከአጠገቡ ተቀመጠች።  «እኔ ታውቃለች ብለውኝ ነው፤» አለ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሣ። «እመኚኝ» የሚል ቃል ባይኖርበትም ድምፁ ልመና ነበር። እርሷም አመነችው፤ ማመኗ ግን ምንም አላቀለለላትም። የምትቆጣበት ሰው ባገኘች ጊዜ ሁሉ፣ ሰውየው ሌላ ሰው ያሳያታል።

ተራቸው ደርሶ ገቡ። ውል የሚያዋውለው ጸሐፊ ገና ወጣት ነው፤ ጥያቄዎቹን ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያነበንባል። አቶ ምንይሉ በምስክርነት ተቀምጠዋል። «ቤቱ ከዕዳ፣ ከክርክርና ከሦስተኛ ወገን መብት ነጻ ነው?» ሲል ጸሐፊው ጠየቀ። በኃይሉ ወደ ደላላው አየ፤ ደላላው ወደ መስኮቱ አዩ። «ነጻ ነው፤» አለ በኃይሉ።

«ነጻ አይደለም፤» አለች ሰርካለም። «ሰው አለበት።»

ጸሐፊው ቀና አለ። «ተከራይ ነው?»

«አይደሉም።»

«ባለ ድርሻ?»

«እሱንም አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ናቸው ልበል?»

 በኃይሉ አክስቴ ናቸው ቢል እየሸጣቸው ሊሆን ነው፤ አቶ ምንይሉ ጧሪ የሚሹ ናቸው ቢሉ ደብቄ ነበር ማለት ሊሆን ነው። ሰርካለም ደግሞ ቃሉን ብታውቀው ኖሮ እዚህ ባልቆመች ነበር። ጸሐፊው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየ ትንሽ ጠበቀ።

«እንግዲያው አበልጄ፤» አለች ሰርካለም ብዕሩን አንሥታ ወደ ደላላው ዞራ፣ «እፈርማለሁ። እርስዎ ግን ዋስ ይሁኑኝ። ከእማማ ተሾመች ሌላ ያልተነገረኝ ነገር በዚህ ቤት እንደሌለ፣ ቢገኝም ተጠያቂ እንደሚሆኑ፣ በዚህ ሰው ፊት ይናገሩ።»

አቶ ምንይሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ደላላ ዋስ ሲሆን የት አየሽ?»

«አበልጅ ሲሆን አይቻለሁ።»

ሰውየው ፊታቸው ቀላ። ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጸሐፊውን አዩ፤ ዘጉት። ያን ጊዜ ሰርካለም ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጸሐፊውም እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ እንደሚገጥመው ሰው «ተስማምታችሁ ሰኞ ኑ» ብሎ የሚቀጥለውን ባለ ጉዳይ ጠራ። ወደ ውጭ ሲወጡ አቶ ምንይሉ ከኋላዋ ደርሰው በለሆሳስ «ሰኞ ካልፈረምሽ ቀብዱ እንደሚቀርብሽ ታውቂያለሽ አይደል?» አሏት።

«ይህን እንኳ ሳልጠይቅዎ ነገሩኝ፤» አለቻቸው።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ወደ ቤቱ ተመለሰች። ቤቴ ልትለው፣ ቤታቸው ልትለው አልቻለችም። በመንገድ ላይ ለአሮጊቷ የምትነግራቸውን ስታዘጋጅ ነበር፤ «ወረፋው ረዘመ»፣ «ኃላፊው የለም»፣ «ለሰኞ ቀጠሩን»። ሁሉም ደግ ቃል ነው፤ የመጨረሻው ደግሞ ውሸት እንኳ አይደለም። አሮጊቷ እስከ ሰኞ በሰላም ያድራሉ፤ እርሷም እስከ ሰኞ ታስባለች። ይህን አሳምራ ከጨረሰች በኋላ ግን በገዛ ሐሳቧ ውስጥ የአቶ ምንይሉን ድምፅ ሰማችው። እርሳቸውም ሲጀምሩ እንዲህ፣ ሰው ላለማስጨነቅ ብለው ጀምረው ይሆናል።

እማማ ተሾመች በጓዳቸው የገብስ ቆሎ ያሻሉ። «ፈረምሽ ወይ?» አሉ።

«አልፈረምኩም፤ እማማ።» መደቡ ላይ አልተቀመጠችም። «ስለ እርስዎ የነገረኝ ሰው የለም። እሺ አላልኩም፤ ደስ አለኝም አላልኩም። እዚህ እንደሚቀሩ የሰማሁት ዛሬ ጠዋት፣ ጭነቴን ሳወርድ ነው።»

የአሮጊቷ እጅ በቆሎው ላይ ቆመ። ከውጭ በጎች ወደ በረታቸው ሲገቡ ይሰማል። 

«ጠዋት ስመርቅሽ አንገትሽን የደፋሽው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ጨዋነት መስሎኝ።» ቆሎውን ወደ ጎን አደረጉት። «ቤት ልትገዢ መጥተሽ ምን ጠየቅሽ?»

ሰርካለም አሰበች። «ምንም።»

«ምንም አልጠየቅሽም። እኔን ስመሽ ሄድሽ። በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ላት ይጨብጣል፤ ጥርስ ያያል።» ወደ መደቡ አመለከቱ። «ተቀመጪና ጠይቂኝ። ምንይሉ የሚፈራው ነገር ነበረው፤ እኔ ዛሬ የሚያስፈራኝ ነገር ደርሶ አልፏል።»

ተቀመጠች። ምን እንደሚጠየቅ አታውቅም ነበርና ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈበትን ጠየቀች። «ጣሪያው ያፈሳል?»

«ቆርቆሮውና ሣሩ በሚገናኙበት ያፈሳል። ሐምሌ ሲገባ በዚያ ስር ማንም አይተኛም። በገደሉ በኩል ያለው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቷል፤ በኃይሉ ከውስጥ መርጎ ሸፈነው እንጂ አልጠገነውም፤ በመዳፍሽ ብታንኳኪው ይነግርሻል። በጓሮው የሚያልፈው መንገድ የጎረቤት ከብት መውረጃ ነው፤ አጥር አጥራለሁ ብትዪ ትጣያለሽ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ እኔ ነኝ። ሌሊት ተነሥቼ እጸልያለሁ፤ ጆሮዬ ስለ ደከመ ድምፄ ከፍ ይላል። በጾም ቀን ቅቤ የነካው ዕቃ በአጠገቤ ካለፈ እነጫነጫለሁ። ቶሎም የምሞት አልመስልም፤ እናቴ ከሁለቱ ምራቶቿ በኋላ ነው የሞተችው።»

ሰርካለም ሳቀች። ለምን እንደ ሳቀች አልገባትም፤ በዚያ ቀን ከገጠሟት ነገሮች ሁሉ አንዱም የሚያስቅ አልነበረም። ሰኞ ትፈርም እንደሆነ፣ ቀብዷን ትታ ዕቃዋን ታወጣ እንደሆነ ገና አልወሰነችም። ግን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የምታየውና የተነገራት ነገር አንድ ሆኖላታል።

«እርስዎስ፤» አለች፣ «እኔን የሚጠይቁኝ የለም? እኔንም ሳይጠይቁ ነው የተቀበሉኝ።»

እማማ ተሾመች ይህን አላሰቡትም ነበር። ነጠላቸውን እንደገና አጣፉና ፊቷን በደበዘዘ ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ መረመሩት።

«ትቆጫለሽ?» አሉ።

«እቆጣለሁ፤ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምንይሉ ቁጣ የማታውቅ ሴት አመጣሁልዎ ብሎኝ፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር እንዴት ይኖራል ብዬ ሳዝን ነበር የሰነበትኩት።»